መደናገጥ ሳይሆን መፍዘዝ ነው
«ሰው በአደጋ ጊዜ የታዘዘውን ሁሉ የሚፈጽመው ስለሚደናገጥ ነው» የሚለው ሐሳብ አልተዋጠልኝም። አብዛኛው ሰው አይራወጥም፤ ይፈዛል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ሌላው የሚያደርገውን ይጠብቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ላታኔና ዳርሊ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ ክፍሉ ውስጥ ጢስ ሲገባ ብቻቸውን ከተቀመጡት 75 በመቶው ወጥተው ተናገሩ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ከሚያስመስሉ ሁለት ሰዎች ጋር ከተቀመጡት ግን 10 በመቶው ብቻ። እንዲህ ባለ ዝምታ መሃል ቀድሞ በእርግጠኝነት የተናገረ፣ ልክም ይሁን ስሕተት፣ መሪ ይሆናል። የበረራ አስተናጋጆች «ቀበቶ ፍቱ! ሻንጣ ተዉ! በዚህ ውጡ!» እያሉ የሚጮኹትም ለዚሁ ነው፤ እባካችሁ የለ፣ ማብራሪያ የለ። «ታዲያ ዝም ብሎ መታዘዝ ነው» ለሚል ግን፦ በ2014 እ.ኤ.አ. የደቡብ ኮሪያዋ ሴዎል መርከብ እየዘመመች ተሳፋሪዎች «ካላችሁበት አትንቀሳቀሱ» ተባሉ፣ ብዙዎቹም ታዘዙ፤ 304 ሰው አለቀ። ችግሩ ትእዛዙ ብቻ አይደለም፣ ሁኔታው ሲለወጥ የሚሽረው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ በአደጋ ጊዜ ለአለቃህ የምታየውንና መደረግ ያለበትን በአንድ ትንፋሽ ንገረው፦ «ጢሱ ደረጃው ላይ ደርሷል፣ በኋላው በር እናስወጣቸው»። በጥያቄ መልክ ካቀረብከው በቀላሉ ይታለፋል። በ1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ደሴት ቴነሪፍ ሁለት አውሮፕላኖች ማኮብኮቢያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰው ሲያልቅ፣ ለመነሣት ይንደረደር የነበረው አውሮፕላን የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር፤ ካፒቴኑ ግን በእርግጠኝነት መልሶለት መንደርደሩን ቀጠለ።