ጄነሬተሩ አልቻለም ሲባል ሁልጊዜ የሚነቀለው የኔ ነው

በአንድ የሮክ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ሥራ ነበረን። ሦስተኛውን ዘፈን እንደጀመርን መብራት ሄደ። ጎንደር ላይ መብራት መሄዱ አዲስ አይደለም፣ ቆመን ጠበቅን። ጄነሬተሩ ተነሳ፣ አምፖሉ በራ፣ እኛም ከቆምንበት ቀጠልን። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ጄነሬተሩ ማቃሰት ጀመረ። መብራቱ ደብዘዝ ይላል፣ ቦግ ይላል፣ እንደገና ደብዘዝ። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣና ማንንም ሳያይ ቀጥታ ወደኔ።

«አባቴ፣ ጄነሬተሩ አልቻለም። የእርስዎን ይንቀሉት።»

የጊታሩን አላለም። የኪቦርዱን አላለም። በር ላይ ስለሚሽከረከረው ባለቀለም መብራትም ትንፍሽ አላለም። የእርስዎን አለኝ። ሥራው እንዳይቋረጥ ብዬ የቤዜን ድምፅ የሚያጎላውን የአምፕሊፋየሬን ገመድ ነቀልኩት። ቤዜን ከትከሻዬ አውርጄ ከመድረክ ልወርድ ስል ደግሞ በእጁ ከለከለኝ። «አይውረዱ፣ ይዘውት ይቁሙ። ሰው እየቀረጸ ነው፣ ለቪዲዮ ያምራል።»

ስድስት ዘፈን። ስድስት ሙሉ ዘፈን ድምፅ የሌለው ቤዝ አንግቼ ቆምኩ። ሌሊት ሲከፈለን ደግሞ የኔ ድርሻ ተቀንሶ መጣ። ለምን ስል «ግማሹን ሰዓት አልተጫወቱም እኮ» ተባልኩ።

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ እየከነከነኝ ነው። እንቅልፍ ነሳኝ። ለባለቤቴ ነግሬ አልወጣልኝም፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የመብራቱን ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ውሸት ነው። የኔ አምፕሊፋየር ጀርባው ላይ 300 ዋት ይላል። እሱም እስከ ጥግ ሲከፈት ነው። እኛ በምንጫወትበት ልክ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚስበው። ወጥ ቤት ገብታችሁ ጥብስ የሚሠራበትን የኤሌክትሪክ ምድጃ እዩት። አንዱ ዓይን ብቻውን ከ1,000 ዋት በላይ ይበላል። እቤታችሁ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ነው። ማታ መብራቱን ቦግ ደብዘዝ ያደረገው ደግሞ እኔ እንደምገምተው የቢራ ማቀዝቀዣው ነው። የማቀዝቀዣ ሞተር በተነሳ ቁጥር ለቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ይስባል። ቤቱ ውስጥ ሦስት ማቀዝቀዣ ተደርድሯል። የኔን ከነቀልኩ በኋላም መብራቱ ቦግ ደብዘዝ ማለቱን አልተወም። ይህን ከመድረክ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፣ ከማየት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረኝማ። ታዲያ ማን ዞር ብሎ «ተሳስተናል፣ ይሰኩት» አለኝ? ማንም።

ነገሩ የመብራት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር። እኛ ዘንድ የሆነ ነገር መቀነስ ካለበት የሚቀነሰው ቤዝ ነው። መድረኩ ከጠበበ ቤዚስቱ ስፒከር ጀርባ ይቁም። ባጃጁ ከሞላ የቤዝ አምፕሊፋየሩ ይቅር። ሂሳቡ ከበዛ «ቤዙን ኪቦርዱ በግራ እጁ ይጫወተዋል» ይባላል። ይህችን የመጨረሻዋን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ኪቦርዲስታችን ጎበዝ ልጅ ነው፣ እወደዋለሁ። ግራ እጁ ግን ቤዝ አይደለም። እኛ ሮክ ነው የምንጫወተው። ጃኖ ባንድ መንገዱን ካሳየ ወዲህ የባንዳችን ልጆች ባቲና ትዝታን ድምፁ በሚሻክር የዲስቶርሽን ጊታር መጫወት ደፍረዋል፣ እኔንም ያስገባኝ ይኸው ድፍረታቸው ነው። ጊታሩ እንደዚያ ሲያጓራ ከሥሩ የሚሸከመው ወፍራም ድምፅ ይፈልጋል። ያ ድምፅ ከድራሙ የእግር ምት ጋር እኩል መውደቅ አለበት። አንዱን ኖታ ረዘም አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ሌላውን በመዳፌ አፍነዋለሁ፣ ወደሚቀጥለው በጣቴ እየተንሸራተትኩ እሄዳለሁ። ጭክጭካ ስንገባ ደግሞ ምቱን ሳልጫን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደርገዋለሁ፣ ያኔ ነው ትከሻ የሚወርደው። ቀኝ እጁ ሌላ ዜማ እየተጫወተ ግራ እጁ ይህን ሁሉ ሊያደርግ አይችልም። ልጁ ራሱ «ጋሼ፣ ስታጨናንቀኝ ሳይሆን ስትተወኝ ነው የምጨናነቀው» ብሎኛል።

ቤዙ አይሰማም የሚሉኝም አሉ። በስልክ የተቀረጸውን ቪዲዮ እያሳዩ። የቤዝ ወፍራሙ ክር ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የሊድ ጊታሩ ወፍራም ክር 82 ጊዜ ነው። የሰው ጆሮ ዝቅ ላለው ድምፅ ደካማ ነው፣ እኩል እንዲሰማ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ጊታሪስቱ በ50 ዋት ቤቱን ሲሞላው እኔ 300 የምጠይቀው ለዚህ ነው፣ ለመጮህ አይደለም። ጥፍር የምታክል የስልክ ስፒከር ደግሞ ያን ድምፅ ጨርሶ ማውጣት አትችልም። ስለዚህ እባካችሁ በስልክ አትፍረዱብኝ። መጥታችሁ ወለሉ ላይ ቁሙ፣ በእግራችሁ ታገኙታላችሁ።

እኔ ቤዝ የያዝኩት በደርግ ጊዜ በቀበሌ ኪነት፣ በሰፈሩ የሙዚቃ ቡድን ነው። 1976 ዓ.ም.፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሽር ጉድ ሲባል። ኪነቱ አንድ ቤዝ ነበረው፣ የሚፈልገው ሰው ስላልነበረ ለኔ ደረሰ። መምህር አልነበረኝም። መምህሬ የሮሃ ባንድ ካሴት ነበር። ዘፋኙ በየካሴቱ ይለዋወጣል፣ ከኋላ ሮሃ አለ፣ ቤዙን የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ነው። አንዷን መስመር ለመያዝ ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠንኩ፣ ባትሪ እየቆጠብኩ፣ አርባ ጊዜ እሰማለሁ። ልምምድ ላይ መብራት ሲጠፋ የሁላችንም መሣሪያ እኩል ዝም ይላል፣ ከበሮና ማሲንቆ ይቀጥላሉ፣ እኛ እናጨበጭባለን። አንተ ንቀል፣ አንተ ቀጥል የሚባል ነገር አልነበረም።

ይህች ከተማ የአዝማሪ ከተማ ናት። አንዲት ክር ያላትን ማሲንቆ ማንም አትረባም አይልም፣ ደግሞም አይገባም። የኔ አራት ክር ምን አድርጎ ነው?

ስለ ክሩ ካነሳሁ አይቀር። የሊድ ጊታር ክር ፈልጌ አላጣሁም። የቤዝ ክር ግን እዚህ አግኝቼ አላውቅም፣ ከአዲስ አበባ ሰው ለምኜ በአውቶቡስ ነው የማስመጣው። እስኪመጣ ድረስ አሮጌውን አውልቄ ድስት ውስጥ እቀቅለዋለሁ። ላቡና ቅባቱ ይለቅና ለአንድ ሁለት ሥራ ድምፁ ይመለሳል። ይህን ሁሉ የማደርገው ቅዳሜ ማታ ጥርት ብሎ እንዲሰማ ነው። ከአዘዞ ባጃጅ ኮንትራት የምይዘውም ለአምፕሊፋየሩ ነው፣ ሌላው በታክሲ ይሄዳል፣ እኔ የኮንትራቱን ከኪሴ እከፍላለሁ። ሽልማቱ እንደሆነ ዘፋኙ ግንባር ላይ ነው የሚለጠፈው። በዚህ ቅር ብሎኝ አያውቅም፣ የሱ ወግ ነው። የተስማማሁበት ሒሳብ ሲቀነስ ግን ያመኛል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የከበደኝ ያ «አባቴ» ነው። አክብሮት ነው፣ አውቃለሁ። እኔም ልጆቼን አንቱ ማለትን አስተምሬ ነው ያሳደግኩት። ግን ያን ማታ ቃሉ «እርስዎ ይችሉታል፣ አይቆጡም» ማለት ነበር። ከጊታሪስቱ ጋር ጠብ አለ፣ ልጅ ነው። ከኔ ጋር የለም። የእድር ጓደኞቼም በሌላ በኩል ይመጣሉ፣ «አሁንስ ብታርፍ ምን አለ? ለልጆቹ ልቀቅላቸው» ይሉኛል። 58 ዓመቴ ነው። ሌሊት ብርዱ ሲመታው የግራ እጄ አንጓ ይቆረጥመኛል፣ ከሥራ በፊት በሞቀ ውሃ እዘፈዝፈዋለሁ፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት እጫወታለሁ። ዕረፍት የምፈልግበት ቀን ሲመጣ ራሴ እናገራለሁ። ልጆቹ ቦታ ያዘብን አላሉም። እነሱ ናቸው አዘዞ ድረስ መጥተው የጠሩኝ። ቤዝ የሚይዝ ወጣት ቢፈልጉ ቢፈልጉ አጡ። ሁሉም ሊድ ጊታር ነው የሚፈልገው። እንዲህ ተነቅሎ የሚቆምበትን መሣሪያ የትኛው ልጅ ይመርጣል?

ቅዳሜ ማታ ስንፈታ ድራመራችን ሲምባሎቹን እየጠቀለለ አጠገቤ መጣ። 22 ዓመቱ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። «ጋሼ፣ ጣትህን እያየሁ ነበር የመታሁት» አለኝ። ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ስድስቱንም ዘፈን ድምፅ ሳይኖረው እየተጫወትኩ ነበር። እጄ አላቆመም።

በሚመጣው ቅዳሜ እዚያው ሆቴል ሥራ አለን። ለልጆቹ ነግሬያቸዋለሁ፣ እነሱም ተስማምተዋል። ከሳውንድ ቼክ፣ ከድምፅ ሙከራው በፊት ሥራ አስኪያጁን ይዤ ወጥ ቤት እገባለሁ፣ ምድጃውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የኔን አምፕሊፋየር ዋታቸውን አንድ በአንድ በጣቴ አሳየዋለሁ። መብራት ከሄደ መጀመሪያ የሚጠፋው ምን እንደሆነ በወረቀት ጽፈን እንፈራረማለን። የቀነሱብኝንም እጠይቃለሁ።