ክኒኑን ማን አስጣላቸው?

የሰፈሬ ሰዎች፣ አትቆጡኝ፤ ብትቆጡም ግድ የለኝም። የጋሼን ክኒን ማን አስጣላቸው?

ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን ይጨመድዳቸው ነበር፤ ቆም ሲሉ ይለቃቸዋል። የልብ ሐኪሙ መርምሮ የልባቸው ደም ቧንቧ መጥበቡን ነገራቸው። አስፕሪን፣ የኮሌስትሮልና የግፊት ክኒን አዘዘላቸው፤ ሲጋራውን ይተዉ አላቸው። እኛ ሰማንና ተንጫጫን። «ክኒን ብቻ ሰጥቶ ሸኛቸው?» «ውጭ ሄደው ስቴንት ይግባላቸው እንጂ!» (ስቴንት የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ ነው።) ቡና ላይ አንዷ ጉበት ይጨርሳል አለች። እድር ላይ ሌላው ዕድሜ ልክ የሚዋጥ ነገር ሱስ ነው አለ። ጋሼ ሰው ያምናሉ፤ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት። «እዚያ ስደርስ ደህናውን ይሰጡኛል» ይሉ ነበር። ሲጋራቸውን ግን ማንም አላስጣላቸውም።

በአራተኛው ወር አንድ ሌሊት ደረታቸውን ያዛቸው፤ አልለቀቀም። ላብ አጠመቃቸው። ጨጓራ ነው ተባለ፣ ወተት ተሰጣቸው። ይንጋ ተባለ። አልነጋላቸውም። ለቲኬት ያዋጣነው ገንዘብ ድንኳን ተከራየበት።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ኢስኬሚያ የተባለ ጥናት በ37 አገሮች 5,179 ሰዎችን ይዟል፤ ሕመማቸው እንደ ጋሼ የረጋ። ግማሾቹ በመድኃኒት ጀመሩ፤ ለሌሎቹ በመድኃኒቱ ላይ ስቴንት ወይም ቀዶ ጥገና ታሰበላቸው። ከሦስት ዓመት በላይ ተከታትለው ሲያዩ፣ ስቴንቱ የደረት ሕመሙን የተሻለ አስታገሰ (ይህም ቀላል አይደለም)፣ ሞትን ግን አልቀነሰም። እኛ የናቅነው ያንን ክኒን ነው።

የዚያች ሌሊት ነገር ግን ሌላ ነው። ቧንቧው ድፍን ሲል ስቴንት ነፍስ ያድናል፤ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ፣ እንዲህ ያለ ድንገተኛ የልብ ሕመም ይዟቸዋል የተባሉ ከ17,000 በላይ ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት አስፕሪን ብቻውን ሞትን በሩብ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። አስፕሪኑ እኮ መሳቢያው ውስጥ ነበር! ከአልጋቸው ሁለት ክንድ አይርቅም።

የመዋጮውን መዝገብ የያዝኩት እኔ ነኝ። የሐኪሙን ወረቀትም አንብቤያለሁ፤ ክኒኑ በቂ ሊሆን እንደሚችል አውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት መናገር አፈርኩ። ዝም ብዬ ስም ጻፍኩ፣ ብር ቆጠርኩ። ስለዚህ ማን አስጣላቸው ስላችሁ፣ እኔንም ቁጠሩኝ።

አሁን ደግሞ ለሌላ ታማሚ ማዋጣት ጀምረናል። እሑድ ስንሰበሰብ መዝገቡን ከመክፈቴ በፊት፣ ክኒንዎን ዛሬ ውጠዋል ወይ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ ብቻ መልሳቸውን እስክሰማ ታገሡኝ።