እኔም ነበርኩ

ጎረቤቴ ሰማንያን የተሻገሩ የካናዳዋ ሞንትሪያል ሰው ናቸው። ስማቸውን ልተወውና ሙሴ ልበላቸው። ድሮ በኛ አገር ፈረንሳይኛ የሚናገር ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ አልነበር? በር ላይ በረዶ ስጠርግ በመስኮት ያዩኝና ቡና ይጠሩኛል። ቡናቸው ከሻይ አይለይም። የምሄደው ለወሬያቸው ነው። ወሬያቸው ደግሞ አንድ ነው፦ መጋቢት 8 ቀን 1947 ዓ.ም. ማታ፣ በነሱ ማርች 17 ቀን 1955፣ በከተማቸው የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ላይ የተነሳው ረብሻ።

«እዚያ ነበርኩ» ይላሉ። ኅዳር ላይ ሲነግሩኝ ረብሻው ከተነሳበት ከሆኪ ሊጉ ፕሬዚዳንት ከካምቤል አራት ረድፍ ርቀው ነበር የተቀመጡት። በገና ሁለት ረድፍ ደረሱ። ለፋሲካ ጭኑ ላይ ሳይቀመጡ አይቀሩም።

አልፈርድባቸውም። የኛም ሰው ያው ነው። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ስታዲየም ያልነበረ የአዲስ አበባ አዛውንት እስከዛሬ አልገጠመኝም።

የበረዶ ሆኪ መጀመሪያ ምንም አልገባኝም ነበር። ኳሷን ስፈልግ ጨዋታው ያልቃል። ለካ ኳስ የለም። መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ናት፤ ፓክ ይሏታል። ጎል መግባቱን የማውቀው ሙሴ ከወንበራቸው ሲነሱ ነው።

ያኔ ሊጉ ስድስት ቡድን ብቻ ነበረው፦ ሞንትሪያል፣ ቶሮንቶ፣ ዲትሮይት፣ ቦስተን፣ ቺካጎ እና ኒውዮርክ። እያንዳንዱ በዓመት 70 ጨዋታ ይጫወታል። አስሉት፤ ከአንድ ቡድን ጋር 14 ጊዜ መገናኘት ማለት ነው። በዓመት 14 ጊዜ የሚገናኙ ዘመዳሞች እንኳ መኮራረፋቸው አይቀርም። እነዚህ ደግሞ የሚገናኙት ዱላ ይዘው ነው።

የሞንትሪያሉ ጀግና ሞሪስ ሪሻር ነበር። «ሮኬቱ» ይሉታል። ከአሥር ዓመት በፊት በ50 ጨዋታ 50 ጎል አግብቶ ጉድ አሰኝቷል። በከተማው የሚበዛው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነው፤ አለቃው ግን ያኔ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነበር። ሪሻር ጎል ሲያገባ ሠራተኛው ሁሉ የገዛ አለቃው መረብ ውስጥ ያገባ ይመስለዋል።

የሊጉ ፕሬዚዳንት ክላረንስ ካምቤልም እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነው። ኦክስፎርድ የተማረ የሕግ ሰው፣ ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን የጦር ወንጀለኞችን የከሰሰ። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ጥርስ ሰባሪ ተጫዋች ምን እንደሚመስል መገመት ነው። ሁለቱ ቀድሞም አይዋደዱም። ሪሻር በስሙ በሚወጣ የጋዜጣ አምድ ካምቤልን አምባገነን ብሎ ነበር። የተከተለው ይቅርታ፣ የ1,000 ዶላር ማስያዣ እና የአምዱ መዘጋት ነው። አምድ የምንጽፍ ሰዎች ይህን ስንሰማ ኪሳችንን ዳበስ እናደርጋለን።

መጋቢት 4 ቀን ቦስተን ላይ አንድ ተከላካይ የሪሻርን ራስ በዱላ ፈነከተው፤ አምስት ስፌት። ሪሻርም ዱላውን ሰውዬው ላይ አሳረፈ። ሊገላግል የያዘውን የመስመር ዳኛም በቡጢ አለው። በዚያው ዓመት ሌላ የመስመር ዳኛ በጓንት መትቶ 250 ዶላር ተቀጥቶ ነበር። ካምቤል መጋቢት 7 ቀን ፍርዱን ሰጠ፦ ሪሻር ለቀሪው የውድድር ዘመን፣ ዋንጫውንም ጨምሮ፣ ታግዷል።

በማግስቱ ሞንትሪያል ዲትሮይትን በሜዳው ያስተናግዳል። ሰው ካምቤልን እንዳትመጣ ብሎታል። ዛቻም ደርሶታል። እሱ ግን መጣ። ያውም አርፍዶ፣ ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ፣ ከጸሐፊው ጋር። ይህ ማለት ልጅየውን ከስሰህ ካሳሰርከው በኋላ እናቱ ቤት ሄደህ ፊት ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። ደፋር ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ሰው «ደረቅ» እለዋለሁ።

እንቁላልና ቲማቲም ዘነበ። ጊዜው የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም ነበር፤ እንቁላሉ ለፋሲካ በተቀመጠ ነበር። አንዱ ለሰላምታ እጁን ዘርግቶ ቀርቦ በጥፊ አጮለው። ከጫማ በላይ የሚጠለቀውን የጎማ ጫማ እያወለቀ የሚወረውርም ነበር። መጋቢት ላይ፣ በሞንትሪያል። ይሄ ሰውዬ እንዴት ቤቱ ገባ እያልኩ ሁሌ አስባለሁ። ሙሴን ጠየቅኳቸው። «በእርጥብ ካልሲ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ አላብራሩም።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በዲትሮይት 4 ለ 1 መሪነት ሲያልቅ አስለቃሽ ጭስ ፈነዳ። ሕዝቡ እያሳለ ወጣ። ጨዋታው ቆመ፤ ዲትሮይትም በፎርፌ አሸነፈ። ውጭ የሴንት ካትሪን ጎዳና መስታወት ረገፈ፣ ሱቅ ተዘረፈ፣ ብዙ ሰው ታሰረ። ከንቲባው ዣን ድራፖ በኋላ ጥፋቱን ካምቤል ላይ ጣሉት፤ መምጣት አልነበረበትም አሉ። በማግስቱ ሪሻር ራሱ በሬዲዮ ቀርቦ ተረጋጉ ብሎ ለመነ። የተበደለው ሰው ለበደሉ የተቆጡትን ያጽናና ጀመር።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ዲትሮይት የውድድር ዘመኑን በ95 ነጥብ ጨረሰ፤ ሞንትሪያል በ93። ልዩነቱ ሁለት ነጥብ፣ የአንድ ድል ዋጋ ነው። አንደኛ የወጣው፣ እስከ ሰባት ጨዋታ በሚደርሰው የዋንጫ ፍጻሜ፣ ሰባተኛውን በሜዳው ያደርጋል። ሁለቱ ቡድኖች ፍጻሜ ደረሱ። ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው ባለሜዳው ነው። ሰባተኛው ዲትሮይት ላይ ነበር። ዋንጫውም እዚያው ቀረ። እርግጥ ያን ማታ 4 ለ 1 እየተመሩ ነበር፤ ባይረብሹም ሊሸነፉ ይችሉ ነበር። ግን ሁለት ክፍለ ጊዜ ይቀራል እኮ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

እኔን ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው። በሆኪ ጎል ያገባም፣ ለጎል ያቀበለም እኩል አንድ አንድ ነጥብ ይያዝለታል። ሪሻር በነጥብ የዓመቱ አንደኛ ሆኖ አያውቅም ነበር፤ ያን ዓመት እየመራ ሳለ ታገደ። የሚከተለው የራሱ ቡድን ጓደኛ በርኒ ጆፍሪዮን ነው። ጥቂት ጨዋታ ቀርቷል። ጆፍሪዮን ምን ያድርግ? ደሞዝ የሚከፈለው ጎል እንዲያገባ ነው። አገባ፤ አቀበለም። 75 ነጥብ ይዞ ሪሻርን በአንዲት ነጥብ በለጠው። ሁለቱም እኩል 38 ጎል አላቸው። ልዩነቱ አንድ ማቀበል ነው። አንድ ጊዜ ለጓደኛው ባያቀብል ኖሮ ከሪሻር ጋር እኩል ይሆን ነበር!

የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት። ቡድናቸው ጎል ባገባ። ተጋጣሚውን አስቡት፤ ጎል ገብቶበት፣ የሚጨበጨብለትን ሲፈልግ ባለሜዳው ሕዝብ ለሱ ሲያግዝለት። ሦስተኛው ዣን ቤሊቮም 73 ነጥብ ይዞ የዚያው ቡድን ልጅ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ከአንድ ቤት ወጥተው ቤቱ ለቅሶ ተቀመጠ።

ባለፈው ቅዳሜ ይህንኑ አነሳሁባቸው።

«ሙሴ፣ ጆፍሪዮን ላይ ሲጮኹ እርስዎም ነበሩ?»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። በመስኮት ውጭውን አዩ።

«ያን ቀን አሞኝ ነበር» አሉ። «ጉንፋን።»

ሁለት ፎቅ ከኛ በላይ የእድሜ እኩያቸው አሉ። እሳቸውንም አሳንሰር ውስጥ አግኝቼ ጠየቅኳቸው። ረብሻው ማታ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። ሴንት ካትሪን ጎዳናም ላይ ነበሩ። መስታወት ሲሰበር በዓይናቸው አይተዋል። ጆፍሪዮን ላይ የተጮኸ ቀን ግን ከአልጋ አልወረዱም።

በዚያ ሰሞን ሞንትሪያል ከባድ ጉንፋን ገብቶባት ነበር መሰለኝ።