ባትሪው አልሞተም፣ በርዶት ነው!

እባካችሁ ይብቃን! ሰሜን ተራሮች ላይ ጎህ ሲቀድ ትንሿ ካሜራ ጥቂት ፎቶ አንስታ ድርግም ስትል «ባትሪው ሞቷል» ተብሎ ደህና ባትሪ ይጣላል። አልሞተም። በርዶት ነው።

እዚያው ተራሮቹ ላይ ያለው ጨነቅ ካምፕ ከባሕር ወለል 3600 ሜትር በላይ ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወርዶ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያነጋል። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁት፣ ሁሉም ፎቶ የሚፈልገው፣ ያን ጊዜ ነው! አምራቾች በአንድ ቻርጅ ይነሣል የሚሉት የፎቶ ብዛት ግን የሚለካው 23 ዲግሪ አካባቢ በሞቀ ክፍል ውስጥ ነው። ካሜራው የሚሠራው «ከ0 እስከ 40 ዲግሪ» ነው የሚለው ቁም ነገር መመሪያው መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ተቀብሯል። ይሄ ነው የሚያናድደው።

የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይወፍራል፣ ኃይሉ እንደልብ አይወጣም። የሌንሱ ሞተር ወይም ፍላሹ ድንገት ብዙ ከረንት ሲስብ ቮልቴጁ ይወርድና ካሜራው «ባዶ ነው» ብሎ ይዘጋል። ቻርጁ ግን እዚያው አለ። የነዚህ ካሜራዎች ባትሪ ደግሞ ሲጀመርም ትንሽ ነው፤ አርኤክስ100 የሚባለው የሶኒ ትንሽ ካሜራ ባትሪ እንኳ 1240 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው ሌንሱ እንደወጣ ሲጠፋ ነው። በእጅ ገፍቶ ማስገባት ሌንሱን የሚያንቀሳቅሰውን የማርሽ ጥርስ ይሰብረዋል፤ ተዉት፣ የሞቀ ባትሪ ሲገባለት ራሱ ይመለሳል።

መፍትሔው ሁለት ባትሪ ነው። አንዱ ካሜራው ውስጥ፣ ሌላው ከጃኬቱ ሥር ደረት ኪስ ውስጥ። የመጀመሪያው ሲደክም ቀያይሩ፤ የደከመው ገላ ላይ ሲሞቅ እንደገና ይሠራል። ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ግን አይቀመጥ፣ ሾርት ያደርጋል። ሌሊት ሁለቱም ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደሩ። «እሳት ዳር አሙቀው» የሚል ምክር አትስሙ፣ አደገኛ ነው። ከዜሮ በታች በቀዘቀዘበት በፓወር ባንክ ቻርጅ ማድረግም ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል፤ መጀመሪያ ኪስ ውስጥ ይሙቅ። ለብቻው የሚሠራ ቻርጀር በካርቶኑ ውስጥ ማስቀመጥ ያቆሙ አምራቾችስ? ባትሪው እስኪሞላ ካሜራው ራሱ ገመድ ላይ ታስሮ ይዋል ማለት ነው?

ከብርድ ወጥቶ ማዕድ ቤት መግባትም አለ። ሻይ የሚፈላበት ቤት እርጥበት ቀዝቃዛው ሌንስ ላይ ጤዛ ይሆናል። ያን ጊዜ ካሜራውን ማጥፋት እርጥቡን ሌንስ ወደ ውስጥ መጎተት ነው። ውጭ ሳላችሁ አጥፉት፣ ሜሞሪ ካርዱን አውጡ፣ ዚፕ ባለው ላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ ዝጉበት። ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ሳይከፈት ይቆይ፤ ጤዛው ላስቲኩ ላይ ይቀራል። ሌንስን በትንፋሽ «እፍ» ብሎ መጥረግም ይቅር፣ ውርጭ ላይ ትንፋሽ መስታወቱ ላይ በረዶ ይሆናል።

የጉዞ አዘጋጆች፣ ዝርዝራችሁ ላይ ጓንትና ኮፍያ እንደምትጽፉት ሁለተኛ ባትሪና ዚፕ ያለው ላስቲክም ጻፉልን።