ሮስተር ሆይ፣ ምስጋና ይድረስህ

ልጅ ማስተማር ዓመት ይፈጃል፤ ሮስተር የሚባለውን የተማሪዎች ነጥብ መዝገብ መሙላት ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ይህን ቀድመው የተረዱ ትምህርት ቤቶች በወሎ ምድር ስላሉን ምስጋና ይገባቸዋል። ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ በሴሚስተር መዝጊያ የግምገማ መድረክ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ምስክር ነው፤ እዚያ ከመብራቱ በቀር የሚጠፋ የለም፣ የሚወድቅም የለም። ዕቅዱ ዘጠና ምናምን በመቶ ማሳለፍ ነበር፤ አፈጻጸሙም ዘጠና ምናምን፣ ያውም ከነጥቡ ጋር።

ተከታታይ ምዘናን ማን ፈጠረው? እጁ ይባረክ። በአንድ ለአምስት የተማሪዎች ቡድን አደረጃጀት አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ ስድስቱም ሃያ ከሃያ ያገኛሉ። ደብተር ለያዘ አሥር፣ ላልያዘም ስለ ቅንነቱ ሰባት። ተማሪ የጣለ መምህር ካለ ደግሞ ይጠራና «አብሽር ወንድሜ፣ ትንሽ ከፍ ከፍ አድርጋት» ይባላል። እምቢ ካለ የማካካሻ ዕቅድ ይጽፋል፣ «የማስተማር ሥነ ዘዴ ክፍተት» የሚል ጌጥም በፋይሉ ይታሰርለታል። ማታ 34 የነበረ ነጥብ ጠዋት 50 ሆኖ የሚነሣው በዚህ ተአምር ነው።

ምቀኛ ግን አይጠፋም። ከ2014 ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ይሰጥ ተባለ። በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በዚያ ዓመት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በ2015 ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 8.4 በመቶ ሲደርስ እልል አልን። የልጆቻችን ዘጠና ምናምን የት ገባ? የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያሉ ፈታሾች ስልክ ብቻ እንደያዙ ይምላሉ።

ጦርነቱን በምክንያትነት የሚያነሡ አሉ፤ እውነት አላቸው። በ2014 ስንቱ ቤተ ሙከራ ተዘረፈ፣ ስንቱ ወንበር ማገዶ ሆነ። የሚደንቀው ሮስተሩ ነው፤ ከዚያ ሁሉ መዓት አንዲት ነጥብ ሳትጎድልበት ወጣ።

በአንዱ መድረክ ላይ አንድ አዛውንት ተነሥተው «አላህ ያክብራችሁና ልጆቼ፣ ልጄ እዚህ ሰማንያ ስታመጣ ኖራ እዚያ ሠላሳ እንኳ ያልሞላላት ምን ነክቷት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አባቴ፣ አስተያየትዎን በግብዓትነት ወስደነዋል» ተባሉ። ቃለ ጉባኤው ላይም «ወላጆች በተመዘገበው ውጤት መደሰታቸውን ገለጹ» ተብሎ ሰፈረ፤ ማኅተምም ተመታበት።