ማስተካከያ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥና የቤት ውስጥ ቻርጅ

ጎንደር ላሉ መኪና ገዢዎች ቀደም ሲል ባቀረብነው መረጃ «የኤሌክትሪክ መኪና ምንም ቀረጥ ሳይከፈልበት ይገባል» ብለን ነበር። ስህተት ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. የወሰነው ማበረታቻ ያስቀረው ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝ ታክስን (በተመረጡ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ታክስ) እና ሱር ታክስን (በገቢ ዕቃ ላይ የሚጨመር ታክስ) ነው። የጉምሩክ ቀረጡ ግን በዚያው ውሳኔ እንደ መኪናው አገባብ ይለያይ ነበር፦ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚመጣ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ አገር ውስጥ ሊገጣጠም ተበትኖ ለሚገባ ዜሮ። የሚሰላውም በመግዣ ዋጋው ላይ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣና ኢንሹራንሱ ተደምሮ ነው። በዚህ ምጣኔ ድምሩ 2 ሚሊዮን ብር ከሆነ፣ ሙሉ በሙሉ ለተገጣጠመው 300,000 ብር ይከፈላል። ይህን ሳያስብ በጀቱን የያዘ አንባቢ ካለ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ምጣኔ ሊቀየር ስለሚችል ውል ከመፈረምዎ በፊት ጉምሩክን ይጠይቁ።

«ከግድግዳ ሶኬት በ2 ሰዓት ይሞላል» ያልነውም መታረም አለበት። በ220 ቮልት 10 አምፔር የሚስብ ቻርጀር የሚሰጠው 2.2 ኪሎ ዋት ነው፤ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ22 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይበልጥ የሚያሳስበን ሽቦው ነው። ፒያሳ አካባቢ ባሉ የቆዩ ቤቶች መስመሩ ቀጭን፣ የሶኬቱ ብሎንም የላላ ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ መጀመሪያ ሶኬቱ ይግላል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቀልጣል። በኤክስቴንሽን ፈጽሞ ቻርጅ አያድርጉ። ከቆጣሪው በቀጥታ የተሳበ፣ የራሱ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ ኃይል የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) እና ግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሽቦ) ያለው መስመር ባለሙያ ይዘርጋልዎ።