ክርክር፦ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሱት ልጆች ይጠየቁ?

ናዚ ጀርመን በ1940 ሆላንድንና ቤልጅየምን ስትይዝ፣ ከወራሪው ጋር ያበሩ የአገሬው ፓርቲዎች ነበሩ። እነዚህ ፓርቲዎች የወጣት ማህበርም ነበራቸው። በሆላንድ የአንቶን ሙሰርት የናዚ ደጋፊ ፓርቲ «ዩኽድስቶርም» የሚባለውን ይመራ ነበር፤ አባላቱ ሰማያዊ ሸሚዝ ይለብሱ ነበር። ደችኛ በሚነገርበት የቤልጅየም ክፍል በፍላንደርስም ተመሳሳይ ማህበራት ነበሩ። እነዚያ ታዳጊዎች ለገቡበት ነገር ይጠየቁ ወይስ አይጠየቁ? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረዋል። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይጠየቁ የሚሉት፦

በጀርመን የናዚ ፓርቲ የወጣት ማህበር ወደሆነው ሂትለር ዩገንድ መግባት በሕግ ግዴታ ነበር። በሆላንድ ዩኽድስቶርም ግዴታ ሆኖ አያውቅም። እኔ የምነሳው ከዚህ ነው። በጣም በደራበት ጊዜ እንኳ አባላቱ 12 ሺህ ገደማ ነበሩ። የአገሩ ሕዝብ ደግሞ ወደ 9 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ጀርመኖች በ1941 ስካውትን አገዱ። ካምፕ ማደርና በሰልፍ መሄድ ለሚወድ ልጅ ዩኽድስቶርም የመግባት ፈተናው ቀላል አልነበረም። ያም ሆኖ አብዛኛው ልጅ እቤቱ መቅረትን መረጠ። «ሌላ ምን አማራጭ ነበራቸው?» ለሚለኝ ሰው መልሴ እነዚያ እቤት የቀሩት ልጆች ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ከአእምሮዬ አይወጣም። በ1941 መገባደጃ ላይ አይሁድ ተማሪዎች ከክፍል ጓደኞቻቸው ተለይተው ተባረሩ። በሜይ 1942 ደግሞ ቢጫ ኮከብ ልብሳቸው ላይ እንዲሰፉ ታዘዙ። ከሆላንድ ተግዘው ያለቁት አይሁዶች ከመቶ ሺህ በላይ ናቸው። ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰው፣ የባሕር ወፍ ምልክት ያደረገው ልጅ የሚሰለፈው በዚያው ጎዳና ላይ ነበር። አጠገቡ የነበረው ወንበር ባዶ መቅረቱን አላየም ልበል?

አይጠየቁ የሚሉት፦

ወንድሜ፣ ቁጥሩን አልክድም። ባዶ የቀረው ወንበርም ያመኛል። ግን ማህበሩ ልጅ የሚቀበለው ከ10 ዓመቱ ጀምሮ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ፓርቲ ይመርጣል? ብዙዎቹ የገቡት አባትና እናታቸው ፓርቲው ውስጥ ስለነበሩ ነው። ትምህርት ቤት ሲሄዱ እኩዮቻቸው ያገሏቸዋል። እቤት ሲመለሱ ደግሞ አባታቸው ሸሚዙን ያለብሳቸዋል።

ፍላንደርስን ይመልከቱ። ትልልቆቹ ሰዎች በልጆቹ ላይ ይሻሙ ነበር። የፍላንደርስ ብሔርተኞች ፓርቲ በ1941 ማህበራቱን አዋህዶ የራሱን ወጣቶች አደራጀ። ኤስኤስ (የናዚዎች የታጠቀ ኃይል) የሚደግፈው ቡድን ደግሞ በ1943 የፍላንደርስ ሂትለር ዩገንድን አቋቋመ። በሴፕቴምበር 1944 ቤልጅየም ነጻ ስትወጣ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ወደ ጀርመን ሸሹ። እዚያ ታዳጊዎቹን ጠመንጃ አስያዟቸው። ላንገማርክ በሚባለው የኤስኤስ ክፍለ ጦር ስር ወደ ኦደር ወንዝ ግንባር ተላኩ፤ ሶቪየት ታንክ ፊት። ጀርመን ጦርነቱን እንደተሸነፈች ላኪዎቹ ያውቁ ነበር። ልጆቹን ወንጀለኛ ካልን ላኪዎቹን ምን ልንላቸው ነው?

የዩኽድስቶርም አዛዥ ቫን ኼልከርከን ዕድሜ ልክ ተፈረደበት፤ በ1959 ግን ተፈታ። በሱ ስር የነበሩት ልጆች የፓርቲ ቤተሰብ ልጅ መባሉን እስከ እርጅና ተሸከሙት። ይሄ ፍትሕ አይመስለኝም።

ይጠየቁ የሚሉት፦

እህቴ፣ ስለ አሥር ዓመቱ ልጅ ተረትቻለሁ። ስለ አሥራ ሰባት ዓመቱ ግን አልረታም። የሆላንድና የፍላንደርስ ወጣቶች በ«ላንድዲንስት» (የእርሻ አገልግሎት) ስም ወደ ምሥራቅ ሄደው እርሻ ላይ ሠርተዋል። በፖላንድ መሬት ላይ፣ ባለቤቶቹ በተነቀሉበት አካባቢ። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው «እዚህ ቤት ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ልጅ ነበር ብለን ሁሉንም በአንድ ካጠብን፣ አልሄድም ያለውን የዕድሜ እኩያውን ምን እንለዋለን?

አይጠየቁ የሚሉት፦

እኔን የሚያስፈራኝ አሁን የሚደረገው ነው። በጃንዋሪ 2025 በሆላንድ ከናዚዎች ጋር አብረዋል ተብለው የተጠረጠሩ 425 ሺህ ያህል ሰዎች ስም ኢንተርኔት ላይ ወጣ። ከመካከላቸው ክሱ ያልተረጋገጠባቸውም አሉ። ፋይሉ ግን እዚያ አልወጣም። ስለዚህ ጎረቤት የሚያየው ስሙን ብቻ ነው። ስሙን አይቶ የቀረውን በራሱ ይሞላዋል።

ይጠየቁ የሚሉት፦

እሱ ላይ አንጣላም። ታዲያ መፍትሔው ስሙን መሸሸግ ሳይሆን ፋይሉን ማንበብ ነው። ሄግ ያለው መዝገብ ቤት ይኬድ። የምዝገባ ፎርሙ ከተገኘ፣ የፈረመው አባቱ ከሆነ አባቱ ይጠየቅ። የራሱ የልጁ እጅ ካለበት ደግሞ፣ ስንት ዓመቱ ሆኖ እንደፈረመ አይተን እንነጋገራለን።